«ስሜን ጻፉልኝ»

ባለፉት ሃያ ዓመታት አዲስ አበባ የተማረ ሁሉ «ስሜን ጻፉልኝ» የምትለዋን ልመና ያውቃታል። መምህሩ ግሩፕ ወርክ ይሰጣል፤ ጎበዙ ይሠራል፤ ሌላው ስሙን ያስጽፋል፤ ማርኩ ለሁሉም እኩል ይደርሳል።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪው ችግር እየፈታ እንዲማር አስቦ ነበር። በ1997 በቴሌቪዥን የሚሰጠው የፕላዝማ ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ግን መምህሩን እንኳ ፋታ ነሳው። በኋላ አንድ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን የሚመራበት «አንድ ለአምስት» መጣ። ለክፍሎቻችን የተመቸ ነበር፦ አንድ ዴስክ ሦስት ልጅ ይይዛል፤ የፊተኞቹ ዞር ሲሉ ስድስት ይሆናሉ። ችግሩ መሪው ጎበዝ ስለሆነ መመረጡ፣ ስለተመረጠም እሱ ብቻ መናገሩ ነው። አንድ ለአምስት ከገበሬ እስከ ቢሮ የተዘረጋ የመንግሥት አደረጃጀት ስለነበር፣ ከ2010 ወዲህ ፖለቲካው ሲለወጥ አብሮ ደበዘዘ። ስሙ ቢረሳ ግድ የለኝም፤ ተከራክሮ መማር አብሮት እንዳይጣል ግን እሰጋለሁ።

ሙግት ግን ከግል ሥራ ይጀምር። በቅኔ ቤት ተማሪው መጀመሪያ ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ነው በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት የሚያቀርበው። አሜሪካዊው ላሪ ማይክልሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የቡድን ትምህርትም እንዲሁ በግል ሥራ ይጀምራል፦ ተማሪው አጭር ፈተና ብቻውን ይሠራል፤ ያንኑ ከቡድኑ ጋር ይደግማል፤ ቀጥሎ ቡድኖች ሁሉ ለአንድ ከባድ ጥያቄ ምርጫቸውን በአንድ ጊዜ ያሳያሉ።

ጥያቄው ታዲያ የሚያከራክር ይሁን። «የከተማ ልማት ጥቅሞችን ዘርዝሩ» ከተባለ ጎበዙ ዘርዝሮ ይገላገላል። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ እዚያው ያለው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነዋሪዎችም ተነሥተዋል። ከዚህ ተነሥቶ የአራዳ ክፍለ ከተማ የዜግነት ትምህርት መምህር እንዲህ ይጠይቅ፦ «አያት ጉሊት ይቸረችራሉ፤ የልጅ ልጃቸው በእግሯ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ቤተሰቡ ይነሣ ቢባል የቱ ይሻለዋል? ሀ፦ ሩቅ ያለ ኮንዶሚኒየም፤ ለ፦ እዚያው አካባቢ ጠባብ ኪራይ ቤት፤ ሐ፦ የገንዘብ ካሳ።» አምስት ደቂቃ እያንዳንዱ ለብቻው ይጽፋል፤ ከዚያ ሙግቱ ይቀጥላል፤ በመጨረሻ ፊደል የተጻፈባቸው ወረቀቶች እኩል ከፍ ይላሉ። ማንም የሌላውን አይቶ አይቀይርም። መምህሩም መሪውን ትቶ፣ «አንቺ፣ መስኮቱ ጋ ያለሽው፣ ቡድንሽ ለምን ‹ለ› አለ?» ይላል። ሁልጊዜ ጸሐፊ ትደረግ የነበረችው ልጅ ያን ቀን ትናገራለች።

ማርኩም በአብዛኛው በግል ወረቀቱ ይያዝ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ለዓመታት ስሙን ሲያስጽፍ የኖረ ልጅ ግን እዚያ የሚጽፍለት አላገኘም።

ጥሩ ጥያቄ ማዘጋጀት ጊዜ ይበላል፤ የመምህሩ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ብዙ ነው። የአንድ ዲፓርትመንት መምህራን በሳምንት አንድ አንድ ጥያቄ አዘጋጅተው ቢለዋወጡ ሥራው ይቀላል።