አሮጌውን የቆዳ ጃኬት አይጣሉት

በብዙዎቻችን ቁም ሳጥን ውስጥ ማንም የማይለብሰው አንድ የቆዳ ጃኬት አለ። ክርኑ ተሰነጣጥቋል፣ ገበሩ ተቀዷል፣ ዚፑ አልዘጋ ብሏል። ግን የአባት ነው፤ ለቆራሌ ለመስጠት ልብ እምቢ ይላል። እንግዲያው ከጀርባው ብቻ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርስ ማስታወሻ ይወጣል። የስፌት መኪናም ሆነ የረጅም ጊዜ ልምድ አይጠይቅም። መቀስ ከማንሳትዎ በፊት ግን እናትዎን፣ እህት ወንድሞችዎን ያማክሩ። አንዴ የተቆረጠ አይመለስም።

ቆዳውን ይወቁ

የእኛ የደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በውጭ አገር ጓንት ሠሪዎች ዘንድ ሳይቀር ተፈላጊ ነው። ስስ ቆዳ ለእጅ ስፌት ይመቻል። ጃኬት ከሌለዎት በመርካቶም ሆነ በየሰፈሩ ያሉ ጫማና ቦርሳ ሠሪዎችን ቁርጥራጭ ይጠይቁ። ሲመርጡ ጀርባውን ገልብጠው ይዩ፤ እውነተኛ ቆዳ ከውስጥ በኩል ሻካራና ጭረታማ ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው ሠራሽ ደግሞ ጨርቅ የተለጠፈበት ነው።

የሚያስፈልግዎ

ወስፌ፣ ሁለት ወፍራም መርፌ፣ ጠንካራ ክር፣ ሻማ፣ ማስመሪያ፣ ስለታም መቀስ፣ ጥቂት ማስቲሽ እና የልብስ መቆንጠጫ። ክሩን በሻማው ላይ ደጋግመው ይሳቡት፤ ሰሙ እንዳይቋጠርና ቶሎ እንዳይበላ ያደርገዋል። ማስቲሹን መስኮት ከፍተው፣ ልጆች በሌሉበት ይጠቀሙ።

ቀድሞ መብሳት፣ ከዚያ መስፋት

ጨርቅ ላይ ያለቦታው የገባ መርፌ ሲነቀል ቀዳዳው ይጠፋል። ቆዳ ላይ ግን እንደተበሳ ይቀራል። ስለዚህ በስፒል አያያይዙት፤ በመቆንጠጫ ይያዙት። መስመሩን ከውስጥ በኩል፣ ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው ያስምሩ። በየ4 ሚሊ ሜትሩ ነጥብ አድርገው በወስፌ ይብሱ። መጀመሪያ በእጅጌው ላይ ይለማመዱ።

ክሩን የስፌቱን መስመር አራት እጥፍ አድርገው ይቁረጡና በሁለቱም ጫፍ መርፌ ይሰኩ። በመጀመሪያው ቀዳዳ አሳልፈው ሁለቱን ወገን እኩል ያድርጉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዱን መርፌ ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ አሳልፈው ይሳቡ። አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ሲጨርሱ ሁለት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሰው ይቁረጡ።

በመኪና የሚሰፉ ከሆነ የቆዳ መርፌ ይግዙ፤ የስፌቱን ርዝመትም ወደ 4 ሚሊ ሜትር ያስፉት። የተጠጋጋ ስፌት ቆዳውን እንደ ቴምብር ጠርዝ በሳስቶ ያስቀድደዋል።

ሦስት ቀላል ሥራዎች

የቁልፍ መያዣ፦ 3 በ14 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይቁረጡ። በቀለበቱ አሳልፈው ከመሃል ያጥፉት፣ በማስቲሽ አጣብቀው ከቀለበቱ በታች ያሉትን ሦስቱን ጎኖች ይስፉ። 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ይበቃል።

የካርድ መያዣ፦ የባንክ ካርድ 8.5 በ5.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት 10 በ5.5 የሆኑ ቁራጮች ቆርጠው ሦስቱን ጎን ይስፉ፤ ካርዱ በላይ በኩል ትንሽ ብቅ ይላል። ከአንዱ ቁራጭ አናት ላይ ለአውራ ጣት ግማሽ ክብ ያውጡ፣ ይህን ግን ከመስፋትዎ በፊት ያድርጉት።

የተማሪ ቦርሳ መጠገኛ፦ የልጆች ቦርሳ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ማንገቻው ከቦርሳው በሚገናኝበት ቦታ ነው። መዳፍ የሚያክል ቆዳ ማዕዘኖቹን አድቦልቡለው ከላይ ደርበው ዙሪያውን ይስፉ። ቆዳ ስለማይተረተር ጠርዙን ማጠፍ አያስፈልግም። በመስከረም ሌላ ቦርሳ ከመግዛት ያድንዎታል።

ልጆችስ?

ወስፌውን ለአዋቂ ይተዉት። ልጆች ክሩን ሰም ይቀቡ፣ ቁራጩን ይምረጡ፣ በተበሳው ቀዳዳ መርፌ ያሳልፉ።

በመጨረሻም፣ ቁራጭ ሲመርጡ አዲስ የሚመስለውን ክፍል ብቻ አይፈልጉ። አባትዎ እጃቸውን ሲከቱበት የለሰለሰውን የኪስ ጠርዝ ለቁልፍ መያዣው ያውጡት። ልጅዎ የማን እንደነበረ ሲጠይቅ፣ አያቱን ለማንሳት ጥሩ አጋጣሚ ይሆናል።