የፈረስ ሜዳውና የከሰሉ ሂሳብ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ነጋዴ እንጅባራን አልፎ ዳንግላ ከመድረሱ በፊት አዲስ ቅዳምን ያገኛል። የፋግታ ለኮማ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ በንግዱ ዓለም ይበልጥ የምትታወቀው በከሰል ነው። በጆንያ ተሞልቶ በመኪና የሚጫነው ይህ ምርት ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ አስገኝቷል። ይሁን እንጂ የአገው ምድር መታወቂያ የሆነውን ፈረስ ግጦሹን እያሳጣው ነው።

ከሰሉ የሚገኘው ገበሬው ባጭሩ «ዲከረንስ» ከሚለው የግራር ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር አብሮ ይተከላል። በሁለተኛው ዓመት በዛፎቹ መካከል የበቀለው ሣር ታጭዶ ለከብት ይውላል ወይም ይሸጣል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። አፈሩ አሲዳማ ሆኖበት እህሉ አልሰጥ ላለው ገበሬ ስሌቱ አሳማኝ ነው። ውጤቱ ግን ቀድሞ ገብስና ጤፍ ይዘራበት የነበረው ማሳ፣ አልፎም የግጦሽ መሬቱ በዛፍ መሸፈኑ ነው። ፈረሱ ሣሩንም ገለባውንም ባንድነት ያጣል ማለት ነው።

በአዊ ፈረስ ጌጥ ብቻ አይደለም። ያርሳል፣ ጭነት ይሸከማል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቀስተኛ ያደርሳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዐድዋን ድልና በዘመቻው የዋሉትን ፈረሶች እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። የበዓሉ ዋና ሥፍራ እንጅባራ ሲሆን፣ ጉግስ፣ ሽርጥና ግልቢያ ይታይበታል። የማኅበሩ አባላት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በዕለቱ አልጋ አከራዩ፣ ምግብ ቤቱ፣ ኮርቻና ልጓም ሠሪው ይጠቀማሉ። ወጪው የሚወድቀው ግን ዓመቱን ሙሉ ፈረሱን በሚቀልበው ገበሬ ላይ ነው።

ለጨዋታ የተተወ ሣር ገንዘብ የሚያወጣባቸው አገሮች አሉ። ለንደን አጠገብ ያለችው የእንግሊዟ ሰሪ አውራጃ በጎልፍ ሜዳዎቿ ስመ ጥር ናት። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዋልተን ሂዝ እ.ኤ.አ. በ1981 አውሮፓና አሜሪካ የሚፎካከሩበትን የራይደር ዋንጫ አስተናግዷል። ዌንትዎርዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሲቋቋም በሜዳው ዙሪያ የመኖሪያ መንደር አብሮ ተሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሬይንዉድ የተባለ የቻይና ኩባንያ በ135 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶታል። መሬቱ እህልም ከሰልም አያመርትም። ዋጋ የሚሰጡት የአባላቱ ክፍያና ሜዳውን የሚያዩት ቤቶች ናቸው። አዲሱ ባለቤት የአባልነት ክፍያውን ከፍ ሲያደርግ ግን ነባር አባላት ተቃውሞ አሰምተዋል።

ለአዊ የሚጠቅመው ጎልፍ መጫወት ሳይሆን፣ ሜዳ ከፋይ ከሌለው ለሌላ ጥቅም እንደሚውል ማወቁ ነው። የፈረሰኞቹ ሜዳ አጥርና የአባልነት ካርድ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ከበዓሉ የሚጠቀሙት ሁሉ ለግጦሹና ለቀለቡ የሚያዋጡበት ሥርዓት ነው። ነጋዴውም ቢሆን የሚሠራው አያጣም፤ በዛፎቹ መካከል የሚታጨደውን ሣር አድርቆና አስሮ ለፈረስ ባለቤቶች ማቅረብ አንዱ ነው።

ከሰሉም ቢሆን ዋስትና የለውም። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ የዲከረንስን ተክል አጥቅቷል። መሬቱን በሙሉ በአንድ ዛፍ ላይ ያዋለ ገበሬ በሽታ ሲገባ የሚመለስበት ማሳም ሆነ የሚያርስበት ፈረስ ላይኖረው ይችላል። ጥቂት ሣር ማስቀረት ለበዓሉ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡ ኑሮም መጠባበቂያ ነው።