እውነት ወይስ ተረት? በጥቂት ብር ጌም የሚያጫውት፣ ቪዲዮም የሚቀርጽ ኮምፒውተር

የመርሳ ልጅ የኮምፒውተር ዕቃ ሲያስፈልገው መጀመሪያ ወልድያና ደሴ ይጠይቃል። እዚያ ካጣ በቴሌግራም ፎቶ አይቶ ከአዲስ አበባ ያስልካል። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣ ዕቃ «ይሄማ አይሆንም» ቢባል መመለሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ፤ ኮምፒውተር ደግሞ ከነብሎኑ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ስለዚህ የእግር ኳስ ጌም እየተጫወተ፣ ጨዋታውንም በራሱ ድምፅ እያስተላለፈ ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ ሊጭን የሚያስብ ወጣት ብሩን ከማውጣቱ በፊት የሚሰማውን ወሬ ቢያጠራ ይሻለዋል።

«አይ 7 ከሆነ አለቀ፤ አትጠይቅ»

ተረት። «አይ 7» ማለት ከክፍሉ አንደኛ እንደማለት ነው፤ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ግን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ 7-2600 አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው። በ2022 የወጣው አይ 3-12100ም እንዲሁ አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው፤ በፍጥነት ግን ያንን አዛውንት ጥሎት ይሄዳል። ላፕቶፕ ላይማ ይብሳል፦ አይ 7-7500ዩ የሚባለው ስሙ ሰባት ይሁን እንጂ ያለው ሁለት ኮር ብቻ ነው። ሻጩ «ወንድሜ፣ አይ 7 ነው» ሲል ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ሙሉውን ጠይቁት። ጄነሬሽኑን የሚናገሩት ከሰረዙ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት አኃዞች ናቸው። ዊንዶውስ 11 ከጥቂት ልዩነት በቀር በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጄነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የቆየ ማሽን በዚህ ምክንያት መሥራቱን አያቆምም፤ ዋጋውን ለመከራከር ግን በቂ ምክንያት ነው።

«ቪዲዮ ለመቅረጽ ኃይለኛ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል»

ብዙ ብር የሚያስወጣው ተረት ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። 1920 በ1080 የሆነ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ሲቀየር፣ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ በየሰከንዱ 370 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይፈጃል። የሚቀርጸው ፕሮግራም ይህንን ጨምቆ ወደ ሁለትና ሦስት ሜጋባይት ያወርደዋል። ከባዱ ሥራ መጨመቁ ነው። ፕሮሰሰሩ ብቻውን እንዲጨምቅ ከተተወ ጉልበቱን ከጌሙ ይነጥቃል፤ ጌሙም መንተባተብ ይጀምራል። «ፕሮሰሰር ቀይር» የሚለው ምክር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ነገር ግን ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ትንሽ ክፍል ግራፊክሱ ውስጥ አለ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ «ክዊክ ሲንክ» ብሎ ከፕሮሰሰሩ ጋር በተሠራው ግራፊክስ ውስጥ አስገብቶታል፤ ኤንቪዲያም ከ2012 ጀምሮ «ኤንቬንክ» በሚል ስም ግራፊክስ ካርዶቹ ላይ ያደርገዋል። ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተባለው ነፃ የመቅረጫ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ፣ መጨመቂያውን በፕሮሰሰሩ ከሚሠራው «ኤክስ 264» ወደነዚህ አንዱ መቀየር ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰር ከመግዛት የሚያድነው ይህች ምርጫ ናት።

ወጥመዱ ግን ይህ ክፍል የሌላቸው ካርዶችም መኖራቸው ነው። ኤንቪዲያ ጂቲ 1030 የለውም። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣቸው አርኤክስ 6400 እና አርኤክስ 6500 ኤክስቲም የላቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግን አለው። «አዲስ ነው» የሚለው ቃል እዚህ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ፕሮሰሰርም ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ የኢንቴል ስም መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ካለበት ግራፊክሱ የሌለው ነው፤ ክዊክ ሲንክም አብሮ ቀርቷል። አርኤክስ 6400ን አስቀድሞ የገዛ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። የኢንቴል ፕሮሰሰሩ «ኤፍ» የሌለበት ከሆነ፣ ብዙ ማዘርቦርዶች ባዮስ ውስጥ ገብቶ የውስጡን ግራፊክስ ከካርዱ ጋር አብሮ ማብራት ይፈቅዳሉ። ጌሙን ካርዱ፣ ቀረጻውን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ይይዙታል።

«4 ጊጋ ግራፊክስ አለው»

የምን 4 ጊጋ? ጂቲ 730 በ4 ጊጋ ይሸጣል፤ ዲዲአር 3 የሆነው ዓይነቱ በሰከንድ የሚያመላልሰው ዳታ 30 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። 2 ጊጋ ብቻ ያለው ጂቲኤክስ 1050 112 ጊጋባይት ያመላልሳል። ለጌም ሁለተኛው እጅግ ይሻላል። ማስታወቂያው ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ግን ጊጋው ነው፤ ለመጻፍም ለማማለልም ይቀላል።

ከዚህ የከፋም አለ። አሮጌ ካርድ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ተቀይሮ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ነኝ የሚልበት ማጭበርበር በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 2.12 እትሙ ጀምሮ እንዲህ ያለውን የኤንቪዲያ ካርድ ሐሰተኛ መሆኑን ይጠቁማል። ብሩን ከመላካችሁ በፊት የዚህን ፕሮግራም ስክሪንሾትና የካርዱን የኋላ ፎቶ ጠይቁ። ሰማያዊው የቪጂኤ መሰኪያ ያለበት «1050 ቲአይ» ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ የዚያ ትውልድ ቺፕ የቪጂኤ ምልክት በራሱ አያወጣም።

«የቢሮ ኮምፒውተር ለጌም አይሆንም»

በግማሽ እውነት ነው። ከመሥሪያ ቤት የወጡ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ባዶ ኬዝ ገዝቶ ከመገጣጠም ብዙ ጊዜ ይረክሳሉ፤ በእኔ ግምት ጥቂት ብር ላለው ሰው ከእነሱ የተሻለ መነሻ የለም። ካርዱ የሚሰካበት ስሎት ግን በራሱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም። ስለዚህ ያለ ገመድ የሚሠራ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም ጂቲኤክስ 1650 ይፈለጋል። «ያለ ገመድ» የምትለዋን አትዝለሏት፤ 1650 ሆነው ገመድ የሚጠይቁም አሉና። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ አጭሩን ካርድ ብቻ ይቀበላል። ራሙ አንድ ብቻ ከሆነ መሰሉን ጨምሩበት፤ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ከአንድ ባለ 16 ጊጋ ይፈጥናሉ።

«500 ዋት ተብሎ ተጽፎበታል»

ከርካሽ ኬዝ ጋር የሚመጣ ፓወር ሰፕላይ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር እርሱትና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። 12 ቮልት ከሚለው ሥር 16 አምፔር ካለ፣ 12 ሲባዛ በ16 192 ዋት ነው፤ ፕሮሰሰሩና ካርዱ በዋናነት የሚኖሩት በዚያ ነው። የቆየ ዓይነት ሆኖ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ካለው ሳይበራ 230 ላይ መሆኑን እዩ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ይቃጠላል።

«ስታብላይዘር አለኝ፤ መብራት ቢጠፋም አልጎዳም»

ስታብላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያረጋጋል እንጂ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው፤ ያ ጊዜ ቀረጻውን አቁሞ ኮምፒውተሩን ለመዝጋት ይበቃል። ለዩፒኤስ ብር ያልተረፈው ሰው ቢያንስ ኦቢኤስ ላይ ፋይሉን በኤምፒ4 ሳይሆን በኤምኬቪ ይቅረጽ። ኤምፒ4ን የሚያስከፍተው ማውጫ የሚጻፈው ቀረጻው በሥርዓት ሲቆም ስለሆነ፣ በመሀል መብራት ከሄደ የአንድ ሰዓት ጨዋታ የማይከፈት ፋይል ሆኖ ይቀራል። ኤምኬቪ ግን እስከጠፋበት ሰከንድ ድረስ ያለውን ይዞ ይገኛል፤ በኋላ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ጥራቱ ሳይቀንስ ወደ ኤምፒ4 ይቀየራል። ከ30.2 እትም ወዲህ የመጣው «ሃይብሪድ ኤምፒ4»ም ይህንኑ ችግር ለመፍታት የተሠራ ነው። የሚቀረጸው ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ የድሮው ሃርድ ዲስክ ቢሆን አይከፋም፤ በሰከንድ ሦስት ሜጋባይት ለእሱ ምንም አይደለም። ኤስኤስዲ ካላችሁ ለዊንዶውሱና ለጌሙ አድርጉት።