የፈረሰ ሰፈር ፎቶ

ዘጋቢ ፎቶግራፍ ያረጁ ሰፈሮችን ማንሳት ሲጀምር ለትዝታ አስቦ አልነበረም። የስኮትላንዷ ግላስጎው በ1866 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሕግ አውጥታ መሀል ከተማ ያሉትን የተጨናነቁ ጉራንጉሮች ልታፈርስ ተነሳች። ሥራውን የያዘው የከተማ ማሻሻያ ተቋምም ቶማስ አናን የተባለ ፎቶ አንሺ ቀጠረ፤ ሊፈርስ የተወሰነበትን ቤት ለመዝገብ እንዲያስቀር ነው።

አናን ከ1868 እስከ 1871 ሲሠራ ፎቶ የሚነሳበትን የመስታወት ሰሌዳ በኬሚካል ቀብቶ፣ ሳይደርቅ አንስቶ፣ ሳይደርቅ ማጠብ ነበረበት። ፀሐይ በማይዘልቅበት ጉራንጉር ደግሞ ካሜራው ለብዙ ሰከንድ ተከፍቶ ይቆያል። የዚህ ጣጣ ፎቶዎቹ ላይ ይታያል። የግድግዳው ድንጋይ፣ መሀል ለመሀል የሚወርደው ፍሳሽ፣ ከፎቅ በወጣ እንጨት ላይ የተሰጣው ልብስ ጥርት ብለው ወጥተዋል፤ አንድ ቦታ መቆም ያቃታቸው ልጆች ግን ጭስ መስለው ቀርተዋል። ርዕሶቹም የመንገዱን ስምና የጉራንጉሩን ቁጥር እንጂ የነዋሪ ስም አይዙም። ሆኖም ሰፈሩ ከጠፋ በኋላ አሮጌውን ግላስጎው ማየት የፈለገ ሁሉ የሚሄደው ወደዚሁ የማፍረሻ መዝገብ ሆነ።

ፈረንሳዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ሞሪስ አልብዋክስ ይህን ለመረዳት ይጠቅማል። በ1925 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው የሚያስታውሰው ብቻውን ሳይሆን አብሮት ከኖረው ማኅበረሰብ ጋር ነው ይላል። በኋላ ላይ ቦታንም ጨመረበት፤ የጋራ ትውስታ የሚጸናው ሁሉም በሚያውቀው ጥግ፣ ሱቅና ደጃፍ ላይ ተደግፎ ነው። ጥጉ ሲፈርስ ፎቶው በቦታው ይተካል፤ የሚያስቀረው ግን ፎቶ አንሺው ያየውን ያህል ብቻ ነው።

ለዚህ ችግር ጥሩ መላ ያገኘው በ1944 ቺሊ የተወለደው ፎቶ አንሺ ካሚሎ ሆሴ ቬርጋራ ይመስላል። መላው ቀላል ነው፦ አንድ ቦታ አንስቶ መሄድ፣ ከዚያ በየጊዜው ተመልሶ ያንኑ ቦታ ማንሳት። ኒው ዮርክ ሃርለም ውስጥ 125ኛ መንገድ ምሥራቅ፣ ቁጥር 65 ያለውን የሱቅ ፊት ከ1977 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ተከታትሎታል። መጀመሪያ የምሽት ክበብ ነበር፤ ከዚያ ትንንሽ ሱቆች እየተፈራረቁበት ቆይተው ፍራሽ መሸጫ ሆነ፣ በመጨረሻም ቤተ ክርስቲያን። ከፎቶዎቹ አንዱ ለብቻው ተራ የሱቅ በር ነው፤ ተደርድረው ሲታዩ ግን የሰፈሩን ታሪክ ይናገራሉ። ካምደን በምትባለው የኒው ጀርሲ ከተማ ደግሞ ጣሪያው በተናደ የቀድሞ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ የቆሙ ዛፎችን አንስቷል።

እሱም ቢሆን ከስሕተት አላመለጠም። በ1995 የአሜሪካዋ ዲትሮይት መሀል ከተማ ባዶ ፎቆች ሳይነኩ እንደ ግሪኮቹ አክሮፖሊስ የፍርስራሽ መታያ ይሁኑ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ብዙ የከተማዋ ሰዎች ተቆጡ፤ መቆጣታቸውም አይፈረድም። በ1950 1.85 ሚሊዮን ገደማ ሰው የነበረባት ዲትሮይት በ2010 ወደ 714 ሺህ ወርዳ ነበር፤ የቀሩት ሰዎች ግን እዚያው እየኖሩ፣ እየሠሩና ልጅ እያሳደጉ ነበር። ፈረንሳውያኑ ኢቭ ማርሻንና ሮማን ሜፍር በ2010 ያሳተሙት የዲትሮይት ፍርስራሾች መጽሐፍም ተመሳሳይ ወቀሳ ቀርቦበታል። ፎቶዎቹ እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ሰው ግን የለባቸውም ማለት ይቻላል። ተመልካች ከተማዋ ሙሉ በሙሉ የተተወች ቢመስለው አይገርምም።

የብዙዎቹ ፎቶ አንሺዎች መመላለሻ የዲትሮይቱ ሚሺጋን ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ነበር። በ1913 ተከፍቶ በ1988 የመጨረሻውን ባቡር ሸኘ፤ ከዚያ በኋላ ዘራፊ፣ ዝናብና ካሜራ ተፈራረቁበት። ፎርድ ኩባንያ በ2018 ሲገዛው፣ ስሙን ያልተናገረ ሰው የጣቢያውን አሮጌ ሰዓት እንደሚመልስ ደውሎ አስታወቀ። ሰዓቱም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አንድ ባዶ ሕንፃ ተደግፎ ተገኘ። ጣቢያው ታድሶ በ2024 ሲከፈት፣ ባዶ በነበረባቸው ዓመታት ግድግዳው ላይ ከተሳሉት ሥዕሎችና ጽሑፎች ጥቂቶቹ ሳይጠፉ እንዲቆዩ ተደርጓል።