ጥፋቱ የሸሚዙ ነው

ባለፈው ዓመት ለኢንተርንሺፕ ቃለ መጠይቅ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ገና ቁጭ ስል ሸሚዙ ደረቴ ላይ ተወጥሮ በሁለት ቁልፎች መሃል አፉን ከፈተ። ፎልደሬን አቅፌ፣ ትከሻዬን አጥፌ ጨረስኩት። ከጥያቄው ይልቅ የማስበው ስለ ቁልፉ ነበር። ሥራውን አላገኘሁም።

ማታ ለእማዬ ደውዬ "ክብደት መቀነስ አለብኝ" ስላት ሳቀችብኝ። "ልጄ፣ እዚህ ሳለሽ ልብስ ሰፊው አንቺን ለክቶ ነበር የሚሰፋልሽ። እዚያ ማን ለካሽ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1939 እና 1940 ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለክቶ ነበር፤ ለጥናቱ የተወሰደው ግን የነጮቹ ልክ ብቻ ነው። በ1958 የወጣው የሴቶች ልብስ መለኪያም በዋናነት በዚያ ላይ ቆመ። መለኪያው በ1983 ተሽሯል፤ ዛሬ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ልክ ያወጣል። ብዙዎቹ ግን አሁንም ሸሚዙን የሚቆርጡት የጡት መያዣዋ ልክ "ቢ" ለሆነች ሴት ነው። አንድ ቁጥር ከፍ ስትሉ ደረቱ ብቻ አይሰፋም፤ ትከሻውም፣ አንገቱም፣ እጅጌውም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ወይ ደረት ላይ ይጠባል፣ ወይ ድንኳን ይሆናል።

እኔን የረዱኝ እነዚህ ናቸው፦

መጀመሪያ ተለኩ። ከሸሚዙ ጋር የምታደርጉትን ጡት መያዣ አድርጋችሁ፣ ሜትሩን አንዴ ከጡት በላይ በብብት ሥር፣ አንዴ ደግሞ ደረት በጣም በሚሰፋበት ቦታ አዙሩት። ልዩነቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ተራ ሸሚዝ ሊጠብባችሁ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ለደረታችሁ ግዙ፣ ወገቡን አስጠብቡ። ሰፊውን ማጥበብ ቀላል ነው፤ ጠባቡን ለማስፋት ግን ስፌቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ እምብዛም የለም። ትከሻውን ማስተካከል ደግሞ ከባድ ስለሆነ ብዙ የወረደውን ተዉት።

ሦስተኛ፣ ከጎን ወደ ደረት የሚሄድ የእጥፋት ስፌት ያለውን ምረጡ። ለጡት ቦታ የሚሰጠው እሱ ነው። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሸሚዝ ቦታ የለውም።

አራተኛ፣ ስትለኩት ቁጭ በሉ፣ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፣ በመስታወት ከጎን ተመልከቱ። ቆሞ የማይከፈት ሸሚዝ ሲቀመጡ ይከፈታል።

አምስተኛ፣ በሁለቱ ቁልፎች መሃል ከውስጥ የማይታይ ትንሽ ቁልፍ አስተክሉ። መርፌ ቁልፍ ለጭንቅ ቀን ብቻ ይሁን።

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ብራቪሲሞ ለአንድ ቁጥር የተለያየ የደረት ስፋት ያለው ሸሚዝ ይሠራል። እዚሁ ሲያትል በ1901 የተመሠረተው ኖርድስትሮም ደግሞ ልብስ ያስተካክላል። ለተማሪ ኪስ ግን ጉድዊልን የመሰለ የልባሽ መደብር ይሻላል፤ ከሸሚዙ የተረፈው ገንዘብ ለሰፊ ይሆናል።

እኔም ከልባሽ የገዛሁትን ሰፊ ሸሚዝ ይዤ ሬኒየር ጎዳና አካባቢ ወደምትሰፋ አንዲት እናት ሄድኩ። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ "ቀና በይ ልጄ፣ ጎብጠሽ አልለካሽም" አለችኝ። በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ፎልደሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ስለ ቁልፉ አንዴም አላሰብኩም።