ሞላው ይቀየር ወይስ ይቆይ?

ሜሪላንድ የሚኖረው ልጄ በጥር ደውሎ ለፋሲካ እንደማይመጣ ነገረኝ። ለትኬት ያጠራቀመውን ገንዘብ ለመኪናው ሞተር ሊያውለው አስቧል። «ምኗ ተበላሸ?» ስለው «ምንም አልሆነችም እማዬ፤ እንዳትበላሽ ብዬ ነው» አለኝ። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሕመሙ ሳይታወቅ «ቀዶ ሕክምና ይደረግለት» የሚል ዘመድ ብዙ አጋጥሞኛል፤ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት እንደማነጋግረው አውቃለሁ። ስለ ሞተር ግን የማውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ በየእሑዱ በስልክ ልጄን እየጠየቅሁ፣ ሰፈራችን ያለውን መካኒክም እያስቸገርኩ ተማርኩ።

መኪናዋ ሆንዳ ኤስ 2000 ናት፣ የ2001 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ጣሪያዋ ይከፈታል፤ ለአስቤዛም ለለቅሶም አትሆንም። ፋብሪካው ከ1999 እስከ 2009 አምርቷታል። የመጀመሪያዎቹ ሞተራቸው ባለ 2 ሊትር ብቻ ሆኖ፣ ያለ ተርቦ፣ ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው 240 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ይህ ጉልበት የሚገኘው ከዙር ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ እስከ 9 ሺህ ገደማ ይዞራል። አብዛኞቹ የቤት መኪኖቻችን 6 ሺህን ብዙም ሳያልፉ ቀዩ መስመር ላይ ይደርሳሉ።

ቫልቭ የሚባለው፣ የኛ መካኒኮች ቫልቮላ የሚሉት፣ አየርና ነዳጅ የሚያስገባ፣ ጭስ የሚያስወጣ በር ነው። በዚህች መኪና 16 አሉ። ካምሻፍት ገፍቶ ይከፍተዋል፤ የሚዘጋው ግን ሞላ ነው። ኮሎው ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ስለሚዞር፣ በ9 ሺህ ዙር እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 75 ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው የልቡ ቫልቭ ይህን ያህል የሚከፈተው በደቂቃ ነው። ስሌቱን ሁለቴ ደግሜ ሠራሁት።

ዙሩ በጨመረ ቁጥር ሞላው ቫልቩን በጊዜው መዝጋት ይከብደዋል። ከ9 ሺህ ወደ 10 ሺህ ሲኬድ ዙሩ የጨመረው 11 በመቶ ሆኖ ሳለ ጫናው በ23 በመቶ ያድጋል። ሞላው ካቃተው ቫልቩ ይንሳፈፋል፤ ከታች የሚመጣው ፒስተን ሊመታው ይችላል። ለዚህ ነው ሱቆች ድርብ ጠንካራ ሞላና የቲታኒየም ቆብ የሚሸጡት። ቆቡ ሞላውን ከቫልቩ ዘንግ ጋር የሚያያይዝ ትንሽ ክብ ብረት ነው። ልጄ የፈለገው ይህን ሁሉ ነበር፤ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት በሚባለው መሮጫ ሊነዳት አስቧል።

ጠንካራ ሞላ የራሱ ጣጣ አለው። ካምሻፍቱንና አብሮት የሚሠራውን ሁሉ አብዝቶ ይጫናል፣ መፋጨቱም ይጨምራል። የፋብሪካው ሞላ ካልደከመ፣ ፋብሪካው ለሠራው ካምሻፍትና ለወሰነው ዙር በቂ ነው። «ካምሻፍቱን ትቀይራለህ?» አልኩት። አይ። «የዙሩን ወሰን ከፍ ታደርጋለህ?» አይ። «ተርቦ ትጨምራለህ?» አይ። «ታዲያ ለምኑ ነው?» ዝም አለ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ፤ ትኬቱ የተመለሰልኝ መሰለኝ።

ደስታዬን ያጠፋው የሰፈራችን መካኒክ ነው። «ሲስተር፣ ከልጅዎ በፊት ማን ይነዳት ነበር?» አለኝ። አናውቅም፤ ልጄ ሦስተኛ ባለቤቷ ነው። ሞተሩ ወሰኑን እንዳያልፍ ነዳጅ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ አለው። ይህ ግን የሚያግደው ነዳጅ የሚረግጠውን እግር ብቻ ነው። ከ5ኛ ማርሽ ወደ 4ኛ ሊያወርድ ያሰበ ሰው እጁ ስቶ 2ኛ ቢያስገባና ፍሪሲዮኑን ቢለቅ፣ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል። በዚህች መኪና 5 ሺህ ላይ የነበረው ዙር ከ10 ሺህ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ኤስ 2000ዎች የታወቀ ድክመት እዚህ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ስህተት የደረሰባቸው ቆባቸው ሊሰነጠቅ ይችላል። ተሰንጥቆም መኪናዋ ለጊዜው ደህና መስላ ትሄዳለች። ቆቡ የለቀቀ ዕለት ግን ቫልቩ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወድቅና ሞተሩ አለቀለት። የጉሮሮ ሕመሙ በጊዜው ሳይታከም ቀርቶ ከዓመታት በኋላ የልቡ ቫልቭ ተጎድቶ የሚመጣ ልጅ ስንቱን አስተኝቻለሁ፤ ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

«እንግዲያው ከመግዛትህ በፊት ትታይ» አልኩት። የሞተሩ የላይኛው ክዳን ተከፈተ። ሞተሩ ቀዝቅዞ የቫልቮቹ ክፍተት በስስ ብረት ተለካ፤ የማስገቢያው ከ0.21 እስከ 0.25፣ የማስወጫው ከ0.25 እስከ 0.29 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሁሉም ልክ ነበሩ። ሲሊንደሮቹ አየር ተሞልተው ሲታዩም የሚያፈስ አልተገኘም፤ የተጣመመ ቫልቭ የለም ማለት ነው። ከቆቦቹ ግን ሁለቱ ከሌሎቹ እኩል አልተቀመጡም። ሲወልቁ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ታየባቸው። እኔ እኮ «አያስፈልግም» ብዬ ልዘጋው ነበር።

16ቱም ቆቦች ከነመያዣዎቻቸው ወጡ። በምትካቸው ፋብሪካው ከ2004 ወዲህ ለሠራቸው የሚያስገባቸው ጠንከር ያሉት ገቡ። ሞላዎቹ ተለክተው ደህና ስለሆኑ ተመለሱ። ቴስታታው እንኳ አልወረደም፤ በካንዴላው ቀዳዳ አየር እየተሞላ፣ ቫልቮቹ በግፊቱ ተይዘው እንዳይወድቁ ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህን በቪዲዮ ሲያሳየኝ ሻዬ ቀዘቀዘ። ያወጣው ገንዘብ መጀመሪያ ካሰበው ከግማሽ በታች ነው። ድርቡ ሞላ ካምሻፍት ለሚቀይር፣ ተርቦ ለሚጨምር ወይም ዙሩን ከፋብሪካው ወሰን በላይ ለሚያሳልፍ ይቆየው።

ሰሚት ፖይንት ገና አልሄደም። መጀመሪያ አሠልጣኝ አጠገቡ አስቀምጦ ማርሽ ማውረድ እንዲለማመድ ነግሬዋለሁ፤ ቆቡ አዲስ ቢሆንም 2ኛ ማርሽ ያው እዚያው ናት። ፋሲካ አለፈ፤ ለእንቁጣጣሽ ትኬት ቆርጧል።