ሙዚቃዊ ተውኔት ሲገመገም መድረኩም ይታይ

በከተሞች የሚቋቋሙ የኪነ ጥበብ ቡድኖች ሙዚቃንና ተውኔትን አጣምረው ለሕዝብ በሚያቀርቡበት ወቅት፣ ሥራውን አስቀድሞ የመመልከትና አስተያየት የመስጠት ኃላፊነት አብዛኛውን ጊዜ በባህል ዘርፍ ባለሙያዎችና በአስተዳደር ኃላፊዎች ላይ እንደሚወድቅ ይታወቃል። ይሁንና ግምገማው በአመዛኙ በጽሑፉ ይዘት ላይ የሚያተኩር በመሆኑ፣ ተመልካቹ በዓይኑ የሚያየውና በጆሮው የሚሰማው ክፍል፣ ማለትም የመድረኩ አደረጃጀት፣ መብራቱ፣ አልባሳቱና ድምፁ፣ ሳይታይ ያልፋል። የአንድ ቡድን የወራት ድካም ከንቱ የሚቀረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዚሁ ባልታየው ክፍል ነው።

ጉዳዩን ከምዕራብ ሐረርጌ ዞን ርዕሰ ከተማ ከጭሮ መጀመር ተገቢ ይሆናል። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 326 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘውና አሰበ ተፈሪ በሚል ስያሜ ለረጅም ዘመን የታወቀችው ይህች ከተማ፣ ጨርጨርን በ1910ዎቹ በገዥነት ካስተዳደሩት ከፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ስም ጋር የተያያዘ ታሪክ አላት። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጣልያን ወረራ ዋዜማም ኢትዮጵያን ወክለው በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት የተከራከሩ ሰው ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛው በእነዚህ ተግባሮቻቸው ያውቃቸዋል። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተሰኘውንና በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተብሎ የሚቆጠረውን ሥራ የደረሱትም እርሳቸው መሆናቸው ግን በራሷ በጭሮ እንኳ ሲነገር እምብዛም አይሰማም።

ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመን ተውኔቱ የተጻፈበት ምክንያት ነው። ፊታውራሪው በአውሮፓ ቲያትር ቤቶችን ተመልክተው ከተመለሱ በኋላ፣ በአዲስ አበባ «ቲያትር» ተብሎ በተዘጋጀ ትርዒት ላይ ተገኝተው ያዩት ዘፈን፣ ጭፈራና ቀልድ ብቻ ሆኖ ስላገኙት፣ ቲያትር ምን እንደሆነ ለማሳየት «ፋቡላ»ን እንደጻፉ በቲያትር ታሪክ ጸሐፍት ይገለጻል። ከእንስሳት ተረት የተቀዳው ሥራ የአስተዳደር ብልሹነትን በመንቀፉ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ዘፈንና ጭፈራ በመድረክ ላይ ስለቀረበ ብቻ ተውኔት ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከገምጋሚው ጠረጴዛ አልተነሣም።

የሙዚቃ ትርዒትና ሙዚቃዊ ተውኔት የተለያዩ ዓይነቶች ናቸው። በ1977ቱ ድርቅ ወቅት እርዳታ ለለገሱ አገሮች ምስጋና ለማቅረብ የተዘጋጀውና በ1980 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር የተጓዘው «ሕዝብ ለሕዝብ» የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። የልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ሙዚቃና ውዝዋዜ በተከታታይ የሚታይበት እንጂ አንድ ታሪክ የሚተረክበት አልነበረም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ዓይነቱ ነው። ሙዚቃዊ ተውኔት የምንለው ግን ዘፈኑ ቢወጣ ታሪኩ የሚጎድልበትን ሥራ ነው። አንዲት ልጅ ያለፈቃዷ ልትዳር ስትል የምትዘፍነው ዘፈን፣ ከመዝፈኗ በፊት ያልነበረ ውሳኔ ይዛ እንድትነሣ ካላደረጋት፣ ዘፈኑ የተውኔቱ አካል ሳይሆን የዕረፍት ጊዜ ማሟያ ነው። ገምጋሚው አስቀድሞ የቀረበለት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሊለይ ይገባዋል። አለበለዚያ ትርዒቱን ታሪክ የለውም ብሎ ይነቅፋል፤ ተውኔቱን ደግሞ ዘፈኑ ደስ ይላል ብሎ ያሳልፋል።

የምሥራቁ የአገራችን ክፍል በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። በ1950ዎቹ በድሬዳዋ የተመሠረተውና በ2015 ዓ.ም. ያረፉትን አርቲስት አሊ ቢራን ያፈራው አፍራን ቀሎ የተሰኘው ቡድን፣ የኦሮምኛ ዘፈንን በዘመናዊ መሣሪያ አጅቦ ለአደባባይ ያበቃ ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የተዋቀሩት የኪነት ቡድኖች በርካታ ድምፃውያንንና ተወዛዋዦችን አሠልጥነዋል። ከጥቅማቸው ጋር ግን አንድ ልማድ ጥለውልን ያለፉ ይመስላል፤ ይኸውም ተዋንያን በሰልፍ ቆመው ፊታቸውን ወደ ክብር ትሪቡን በማዞር መዝፈናቸው ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በዛሬዎቹ መድረኮች የሚታየው ትልቁ የአዘጋጅነት ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሸጎዬን እንውሰድ። በሐረርጌ ኦሮሞ ዘንድ የሚዘወተረው ይህ ጨዋታ ወጣት ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ተፋጠው፣ በዘፈን እየተጠያየቁና እየተመላለሱ፣ ራስንና አንገትን በማወዛወዝ የሚጫወቱት ነው። ፍሬ ነገሩ ያለው በሁለቱ ረድፎች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ነው። ማን ማንን እንደሚያይ፣ ማን ዓይኑን እንደሚሰብር የሚታየው እዚያ ነው። ቡድኑ ለመድረክ ብሎ ሁለቱን ረድፎች ወደ ተመልካች ሲያዞራቸው ጥያቄና መልሱ ይጠፋል፤ ልጆቹ ለእንግዳው ይዘፍናሉ እንጂ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ረድፎቹን ከመድረኩ ግራና ቀኝ በሰያፍ ማቆም ሁለቱም ፊቶች እንዲታዩ፣ መካከሉም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል። ተውኔቱ የሁለት ወጣቶችን ትውውቅ የሚተርክ ከሆነ ደግሞ ያ ባዶ ቦታ ከማንኛውም ሥዕል የበለጠ ዲኮር ነው። ገምጋሚው «ውዝዋዜው ጥሩ ነበር» ብሎ ከሚያልፍ ይልቅ ተዋንያኑ የሚመለከቱት ማንን እንደነበር ቢጽፍ ለአዘጋጁ በእጅጉ ይጠቅመዋል።

አልባሳትን በተመለከተ ጥያቄው የልብሱ ማማር አይደለም፤ ልብሱ ስለ ገጸ ባሕርይዋ ምን ይናገራል የሚለው ነው። በሐረርጌ ያገባች ሴት ፀጉሯን የምትሸፍንበት ጉፍታ የትዳር ምልክት ነው። ይህን ያልተረዳ አልባሳት አቅራቢ ለሁሉም ሴት ተዋንያን አንድ ዓይነት ጉፍታ ቢያለብስ፣ የሂርና ወይም የገለምሶ ተመልካች የምትታጨዋን ልጅ ገና ከመጀመሪያው ባለትዳር አድርጎ ይመለከታታል። ታሪኩ ከመጀመሩ ተበላሸ ማለት ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣ ገምጋሚ ይህን ላያስተውል ስለሚችል፣ በግምገማው ቡድን ውስጥ የአካባቢውን ባህል የሚያውቁ እናቶች ቢገኙ መልካም ነው።

ከዓለም አቀፍ ተሞክሮ የሚጠቀሰው ምሳሌ ከ«ፋቡላ» ጋር የሚዛመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በኒውዮርክ ብሮድዌይ ለመድረክ የበቃው «አንበሳው ንጉሥ» ሙዚቃዊ ተውኔት ተዋንያኑን በእንስሳት መልክ ሲያቀርብ፣ አዘጋጇና የአልባሳት ንድፍ ባለሙያዋ ጁሊ ቴይሞር ጭምብሉን ፊት ላይ ሳይሆን ከራስ በላይ እንዲቀመጥ አድርጋለች። ተመልካቹ አንበሳውንም የሰውየውንም ፊት በአንድ ጊዜ ያያል። ጭምብሉ ፊቱን ቢሸፍን ኖሮ ዘፋኙ ሲያዝን ማን ያውቅለት ነበር? ቴይሞር በዚህ ሥራ የቶኒ ሽልማትን በሙዚቃዊ ተውኔት አዘጋጅነት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ለእኛ የሚጠቅመን ሐሳቡ ነው። ሐሳቡ በካርቶንና በቀርከሃም ቢሠራ ያው ነው። «ፋቡላ»ን በጭሮ መድረክ ለማየት የሚሻ ቡድን ቢነሣ የሚያጋጥመው የመጀመሪያ ጥያቄም ይኸው ነው።

መብራት ብዙ ሊባልለት የሚገባ ክፍል ነው። በአገሪቱ የዞንና የወረዳ ከተሞች የሚገኙ አዳራሾች በአብዛኛው የተሠሩት ለስብሰባ በመሆኑ፣ በጣራው ላይ የተደረደሩት መብራቶች ለመድረኩም ለተሰብሳቢውም እኩል ያበራሉ። ለስብሰባ ይህ ተገቢ ነው፤ ሰው ማስታወሻ ይይዝበታል። ለተውኔት ግን ተመልካቹ ወዴት ማየት እንዳለበት የሚነግረው ነገር ያጣል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው ነገር ገንዘብ የማያስወጣ ነው፤ ከተመልካቹ በላይ ያሉትን መብራቶች ማጥፋት፣ ለዚህም የመብራቱ ማብሪያና ማጥፊያ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው መመደብ። የመውጫ በሮች መብራት ግን ለደኅንነት ሲባል መጥፋት የለበትም።

ቀጥሎ የብርሃኑ አቅጣጫ አለ። የአሜሪካው የዬል ዩኒቨርሲቲ መምህር ስታንሊ ማካንድለስ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት ዘዴ፣ ተዋናዩን ከፊቱ በግራና በቀኝ፣ 45 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብለው በተቀመጡ ሁለት መብራቶች ማብራትን ይመክራል። አንዱ ሞቅ ያለ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ቀለም ይኖረዋል። ፊት ለፊት የተተከለ አንድ ኃይለኛ መብራት ፊትን ጠፍጣፋ ያደርጋል፤ ከአናት በላይ ብቻ የሚወርድ ብርሃን ደግሞ ዓይንን በጥላ ይውጣል። ለእስክስታም ሆነ ለሸጎዬ ከጎን የሚመጣ ብርሃን አስፈላጊ ነው፤ የትከሻና የአንገት እንቅስቃሴ ጎልቶ የሚወጣው በጎን ጥላው ነውና።

በቅርብ ዓመታት ዋጋቸው የቀነሰው ባለ ብዙ ቀለም የኤልኢዲ መብራቶች ሌላ ፈተና ይዘው መጥተዋል። ቀለማቸው በአንድ ቁልፍ ስለሚቀያየር በእያንዳንዱ ዘፈን መሐል ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ እያሉ ማፈራረቅ ፋሽን ሆኗል። ቀይ መብራት አረንጓዴ ጨርቅን ጥቁር ያስመስለዋል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የለበሰ ቡድን በቀይ መብራት ሥር ሲቆም የሰንደቅ ዓላማው አንዱ ቀለም ጠፍቶ እንደሚታይ ያላስተዋለ አዘጋጅ፣ በበዓል ቀን በኃላፊዎች ፊት ሊያፍር ይችላል።

የድምፅ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያሳስባል። በአማርኛ «አለ» የሚለው ቃል ላልቶና ጠብቆ ሲነገር ትርጉሙ ይለያያል፤ «ገና»ም እንዲሁ። በኦሮምኛ ከመጥበቅና መላላት በተጨማሪ የአናባቢው መርዘምና ማጠር ትርጉም ይለውጣል። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ንጣፍ ድንጋይ የሆነ አዳራሽ ድምፁን እያስተጋባ አንዱን ቃል በሌላው ላይ ስለሚደርበው፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ልዩነት ነው። ለንግግር የሚመች አዳራሽ ድምፅ ከተቋረጠ በኋላ ገደል ማሚቶው በ1 ሰከንድ ገደማ የሚሞትበት ነው። ባዶ የሲሚንቶ አዳራሽ ውስጥ ግን ይህ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ድምፅ ማጉያውን ከፍ ማድረግ ማሚቶውንም አብሮ ያጎላል እንጂ ቃሉን አያጠራውም። የሚረዳው ወፍራም መጋረጃ በጎንና በኋላ ግድግዳ መስቀል፣ ድምፅ ማጉያዎቹን ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ ሰው ማዞር፣ በተዋናዩ ንግግር ወቅትም ሙዚቃውን ዝቅ ማድረግ ነው። በሰው የተሞላ አዳራሽ ድምፅን ስለሚመጥ፣ በባዶው በልምምድ ወቅት የተሰማው ሁሉ እንዳለ አይደገምም። ቆርቆሮው ያለ ኮርኒስ የሆነ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ በክረምት ከሰዓት በኋላ ተውኔት መቅጠር ከዝናቡ ጋር መፎካከር ነው።

ከአዳራሽ ውጭ፣ በሜዳ ወይም በስታዲየም በሚቀርብ ዝግጅት ላይ ፀሐይዋ መብራቱን ትተካለች። ከሰዓት በኋላ ተመልካቹ ወደ ምዕራብ ዞሮ እንዲቀመጥ ከተደረገ ፀሐይ ዓይኑን ትመታዋለች፤ ተዋንያኑም እንደ ጥላ ይታዩታል። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ መዞር የተሻለ ነው። በተግባር ግን በቅድሚያ የሚተከለው የክብር እንግዶች ድንኳን ነው፤ ለእርሱ ጥላ ያለበት ቦታ ይፈለጋል፣ መድረኩም ወደ እርሱ ይዞራል፣ ሕዝቡ ከጎንና ከኋላ ያያል። እንደ ሚኤሶ ባለ ቆላ ከተማ ሕዝቡ ይህን በጠራራ ፀሐይ ሥር ቆሞ የሚያደርገው ነው። አዘጋጁ ይህን በራሱ ሊለውጥ አይችልም፤ ሥልጣኑ የኃላፊው ነው።

የጽሑፍ ግምገማው ራሱ ረጅም መሆን የለበትም። ገምጋሚው ዝግጅቱን ሁለት ጊዜ ቢመለከት፣ አንዱን ጊዜ ከፊት፣ ሌላውን ከመጨረሻው ረድፍ ሆኖ ቢያይ፣ ከኋላ ሆኖ ያልሰማውን የዘፈን ስንኝና ያላየውን ፊት በየትዕይንቱ ቢመዘግብ በቂ ነው። «መብራቱ ደካማ ነበር» የሚለው አስተያየት ለማንም አይጠቅምም። «በሦስተኛው ትዕይንት እናቲቱ በቀኝ ጥግ ቆማ ስትዘፍን ፊቷ አልታየም» የሚለው ግን በማግሥቱ የሚታረም ነው። ከአስተዳደሩ የሚጠበቀው ደግሞ አዳራሹን ለቡድኑ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት መልቀቅ ነው። በብሮድዌይ ተዋንያን፣ መብራትና ድምፅ በአንድነት የሚፈተኑበት የቴክኒክ ልምምድ ቀናትን ይወስዳል። በእኛ ከተሞች ግን ቡድኑ የጠዋቱ ስብሰባ እስኪያበቃ በር ላይ ጠብቆ፣ ወንበሩ ሳይነሣ መጋረጃውን ለመስቀል የሚሯሯጥበት ጊዜ ብዙ ነው።